ስም የሞላው ሰሌዳ

ከብቸና ወደ ሞጣ በምንሄድበት ሚኒባስ አንዲት ወጣት ብቻዋን ስትስቅ አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጠየቋት።

“ምን ተገኘ ልጄ?”

“ዛሬ አስተማርኩ አባባ! ሠልጣኝ መምህርት ነኝ፤ እስከ ትናንት ሥራዬ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ መመልከት ብቻ ነበር።”

“ዛሬስ?”

“የክፍሉ መምህርት ድንገት ቢሮ ተጠሩ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ዴስክ ላይ ወጥተው ይዘሉ ጀመር።”

“ጮህሽባቸዋ!”

“ብጮህ ማን ሰምቶኝ! ከዚያ የመምህርቷ ዘዴ ትዝ አለኝ። ዝም ብላ የተቀመጠች የአንዲት ልጅን ስም ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። ሌሎቹም ‘የኔም ይጻፍ!’ እያሉ ተቀመጡ።”

“መምህርቷስ?”

“ሲመለሱ ሰሌዳው በስም ሞልቷል፤ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ጠመኔውን ልመልስላቸው ስል፣ ‘ያዥው፤ የዛሬውን አንቺ ጨርሺው’ አሉኝ!”

እኔም ከኋላቸው ሆኜ ሳይታወቀኝ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።