የወይዘሮ ዘይነባ ዓረፍተ ነገር

ዓባይ ማዶ፣ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ የጻፉትን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ እለጥፍ ነበር። አንድ ቀን ጨው ቸርቻሪዋ ወይዘሮ ዘይነባ፣ «የቦኖው ውኃ ወደ ሊቀመንበሩ ጓሮ ተጠልፏል፤ እኛ ግን ከዓባይ እንቀዳለን» ብለው ጻፉ። እውነት ነውና ለጠፍሁት።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቱን ገንጥሎ፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ክፍል ገባ። «አንተ ነህ የጻፍኸው! ሕዝብ የምታሳድም ፀረ አብዮት!» አለኝ። ጠባቂዎቹ ክንዴን ያዙኝ። ይኼኔ ወይዘሮ ዘይነባ ብድግ አሉ።

«አስተማሪውን ልቀቁት፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? አምና በጣትሽ ትፈርሚ አልነበር?» ብሎ ሳቀ።

ወይዘሮ ዘይነባ ጠመኔውን ከእጄ ወስደው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ፣ ፊደል በፊደል፣ ከፊተኛው አግዝፈው ጻፉት። ክፍሉ በአንድ ድምፅ አነበበው።

«አጥፋው!» ብሎ ሊቀመንበሩ ጮኸብኝ።

«እኔ የተመደብሁት ላስተምር ነው» አልሁት። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ!

ጠባቂዎቹ ተያዩና ክንዴን ለቀቁ። ሊቀመንበሩ ራሱ በእጅጌው ጠራርጎት፣ በሩን አላትሞ ወጣ። ወይዘሮ ዘይነባ ግን ጠመኔውን ለእኔ አልመለሱም። አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት አቀበሏትና፣ «ተነሽ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ጻፊው» አሏት።