ጎርፉ የደረሰበት

በወሎ ቆላ፣ የወንዝ ዳር መንደር፣ ጎርፍ ገብቶ ያበላሸው የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ዘንድ፤ ጦይባ የውሃ ኮሚቴው ቁልፍ ያዥ ናት፣ አያ እብሬ ደግሞ የጉድጓዱን ቦታ ያሳዩት፣ ሚስታቸውን ሐዋን በቅርቡ የቀበሩት ሽማግሌ።

ጦይባ፦ ኧረ በአላህ አያ እብሬ! ይሩጡ አላልኩ፣ ይቆፍሩ አላልኩ። ጎርፉ የደረሰበትን በጣትዎ ያሳዩን ነው ያልኩት።

አያ እብሬ፦ አንዴ አሳይቻለሁ። ይኸው፣ ጭቃ ገብቶበት ተቀምጧል።

ጦይባ፦ ያኔ ያሳዩትማ የአባትዎን ዘመን ጎርፍ ነዋ!

አያ እብሬ፦ ከወረዳ የመጣው የውሃ ባለሙያ "ከሁሉ የከፋው ጎርፍ የት ደረሰ?" አለኝ። የማውቀው እሱን ነው። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ላይ ወጣሁና ችካሉን በገዛ እጄ መታሁ። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ እናንተም አሚን አላችሁ።

ጦይባ፦ አልን። ዝናቡ እንዲህ ያብዳል ብሎ ማን ያውቃል? ሰኔና ሐምሌን ጠፍቶ ይከርምና የሁለት ወሩን በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል።

አያ እብሬ፦ እንግዲህ ሌላ ሰው ጠይቂ።

ጦይባ፦ ማንን? ሁላችንም ወደ ጋራው ስንሮጥ ላሚቱን ልፍታ ብለው የቀሩት እርስዎ ብቻ። ጎርፉ የቆመበትን ያየ ሌላ ዓይን የለም። ምልክቱን እንደሁ የኋላው ዝናብ አጥቦታል፣ የቀረውን በሬ አርሶታል።

አያ እብሬ፦ ባሳይሽስ? የሚመጣው ይበልጠዋል።

ጦይባ፦ እሱንማ ባለሙያውም ብሏል። ለዚህ አይደል ከዘንድሮው ልክ ሁለት ሜትር ከፍ ብለን፣ አፉንም በሲሚንቶ አንስተን የምንሠራው።

አያ እብሬ፦ ሰው ያላየውን ጎርፍ ይለካል?

ጦይባ፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው አያ። ቆፋሪዎቹ ደርሰዋል። ዛሬ ችካል ካላገኙ ወደ ማዶ ቀበሌ ይሻገራሉ፤ እኛ የወንዝ ውሃ ስንጠጣ ልንከርም ነው። ትናንት የፋጡማ ልጅ ተቅማጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ገባች።

አያ እብሬ፦ እ።

ጦይባ፦ "እ" ብቻ?

አያ እብሬ፦ ምን ልበልሽ? የሐዋ ጀናዛ ሲወጣም አላለቀስኩ። ሰው ያጽናናኛል፣ አዎ እላለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። የምበላው ይምረር ይጣፍጥ አላውቀውም። ጉድጓዱ ደህና ቦታ ቢሆን ኖሮ ሐዋ በአተት አትሞትም ነበር። ይህ ጣት ቀብሯታል። እሱን ብቻ አውቃለሁ።

ጦይባ፦ ጣትዎ አይደለም።

አያ እብሬ፦ ተይኝ።

ጦይባ፦ አልተውም! ባለሙያው "ተጠርጎ መድኃኒት ሳይገባበት እንዳትከፍቺ" ብሎኝ ነበር። ሐዋ ጀሪካኗን ይዛ መጣች። "አንድ ብቻ" አለችኝ። ጨከነችብኝ እንዳትለኝ ፈራሁና ሰው ሳያይ ከፈትኩላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ወላሂ እኔ ነኝ!

አያ እብሬ፦ አውቃለሁ።

ጦይባ፦ ማ... ማን ነገረዎት?

አያ እብሬ፦ ማንም። የላክኋት እኔ ነኝ። "ጦይባ እኮ ተከልክላለች" አለችኝ። "የእብሬ ሚስት ነኝ በያት፤ ቦታውን ያሳየ ሰው ውሃ ይነፈጋል ወይ?" አልኳት። አምጥታ አብረን ጠጣን። እኔን ምንም አላለኝ።

ጦይባ፦ ያ አላህ! አያ፣ ይቀመጡ እስቲ።

አያ እብሬ፦ አልቀመጥም። ችካሉ የታለ?

ጦይባ፦ ይኸው። መዶሻውም ይኸው።

አያ እብሬ፦ ጎርፉ የሰይድን አጥር አልፎ ከዚያች ጥቁር ድንጋይ ሥር ነው የቆመው። ሁለት ሜትሩን ከዚያ ጀምሩ። ግን መጀመሪያ ማይልኝ።

ጦይባ፦ ምን ብዬ?

አያ እብሬ፦ ከጎርፍ በኋላ፣ መድኃኒቱ ሳይገባ፣ እኔ ራሴ ጀሪካን ይዤ ብመጣ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ ብለምንሽ፣ እንዳትከፍቺልኝ።