መምህር በርናባስ ወልደገብርኤል እና ባዶ የተተወው መስመር

መምህር በርናባስ ወልደገብርኤል ከአባታቸው ከቄስ ወልደገብርኤል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የማርያምወርቅ ሣህሌ ሐምሌ 12 ቀን 1953 ዓ.ም. የካ ሚካኤል ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የእንጦጦ ራጉኤል አገልጋይ ስለነበሩ ልጅነታቸውን ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ አሳልፈው፣ ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ከተማሩ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን ቀጥለው፣ በ1976 ዓ.ም. በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመረቁ። መጀመሪያ በፍቼ፣ ከዚያም በዚሁ በየካ በመምህርነት ለሠላሳ ሰባት ዓመታት አገልግለው በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ኃይሌ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። ይህንን ጽሑፍ የጻፉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ቆመው ማንበብ ስላልቻሉ የራሳቸው ወንድም ያነቡላቸዋል።

እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ መምህር በርናባስን የምታውቋቸው ግን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በወረዳው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ በሚሰጡት የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ድርሰት ምንም ሳይናገሩ ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርገው ከፋፈሉና ለየቡድኑ አንድ ወረቀት ሰጥተው፣ አንዱ እንዲጠየቅ፣ አራቱ እንዲጠይቁ፣ ከዚያም የተጠያቂውን ሕይወት አብረው እንዲጽፉ አዘዙ። ተማሪዎቹ የሰው ሕይወት ተጽፎ ሲነበብ የሰሙት በቀብር ላይ ብቻ ነበርና ስድስቱም ቡድኖች ምንም ሳይመካከሩ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ቀብረው፣ ነፍስ ይማር ብለው ጨረሱ።

ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡት አቶ አምሃ የራሳቸው ሲነበብ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አነሡ። «በስመ አብ! መምህር፣ እነዚህ ልጆች በቁሜ ቀበሩኝ እኮ!»

«ጋሽ አምሃ፣ እርስዎስ ተመስገን ይበሉ፤ ዘጠና ስድስት ዓመት አኑረውዎታል። ጂቱን እኮ በሃያ ዓመቷ ነው የሸኟት።»

«ያውም በጉንፋን!» አለች ጂቱ፤ ከአያት ሰፈር ትመጣ የነበረች ተማሪ ናት።

አዳራሹ ሲስቅ አቶ አምሃ አልሳቁም፤ ሟርት ነው ብለው ወደ በሩ ሄዱ። መምህር በርናባስም ተከትለዋቸው፣ ወረቀቱን ፊታቸው ዘርግተው የመጨረሻውን መስመር በላጲስ አጠፉና፣ «ይኸው ባዶ ነው፤ እርስዎ ገና አልጨረሱም» አሏቸው። አቶ አምሃ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህ የትምህርቱ መክፈቻ ሆነ፤ የመጨረሻው መስመርም ሁልጊዜ ባዶ ይተዋል። ሌላም ደንብ ነበራቸው፤ ለማንም ሰው ሊባል የሚችል ቃል አይጻፍም። ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች የሚሉትን እየሰረዙ «እጁ ምን አደረገ? እሱን ጻፉ» ይሏቸው ነበር። የእሳቸው እጅ ዓርብ ዓርብ ሠላሳ እርሳስ በምላጭ ይቀርጽ ነበር። ፍቅፋቂው ምንጣፉ ላይ ይበተንና ባለቤታቸው «መቅረጫ በአገሩ ጠፋ?» ብለው ይቆጧቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የጉበት ሕመም አገኛቸው። ባለፈው ጥር አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ እንደ ቀድሞው መቆም ስላልቻሉ፣ አሁን የእሳቸው ረዳት የሆነችውን ጂቱን እንድትመራ አድርገው፣ ራሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ቡድን መካከል ተቀምጠው ተጠየቁ። ልጆቹም ጻፉ፤ የመጨረሻውን መስመር ተዉት።

ትናንት ቅዳሜ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ዐረፉ። ከሰዓት በኋላ ጂቱ ወረቀቱን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባችና ባለቤታቸው እጅ ላይ አስቀመጠችው። «እትዬ ሮማን፣ ይኼን እኛ መጻፍ አንችልም።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ መስመሩ ሳይሞላ ወረቀቱ ከመምህር በርናባስ ጋር መቃብር እንዳይገባ ፈለጉ። ደግ ባል ነበሩ ብለው ጻፉ፤ ሰረዙት። ለቤታቸው የሚያስቡ ብለው ጻፉ፤ ያንንም ሰረዙት። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለማንም ግን ሊባል ይችላል። ሰው እየመጣ ያለቅሳል፣ ወንበር ይጎተታል፤ እሳቸው እንባ አልመጣላቸውም። ምላጩ የት እንዳለ ብቻ አስታወሱ። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ የእርሳሱን ቆርቆሮ ከፈቱ። ከዚያ ወጥተው መስመሩን ጻፉ።

መምህር በርናባስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮማነወርቅን፣ ልጆቻቸውን ሃኒንና ኤልቃናን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ ሁለት እህቶችና በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያስተማሯቸውን የቅዳሜ ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። አቶ አምሃም በሰማንያ አንድ ዓመታቸው እዚህ ከእኛ ጋር ቆመዋል።

በወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ዓርብ ከሠላሳው እርሳስ አሥራ አንዱን ቀርጸው ደከማቸው፤ አሥራ ዘጠኙን ሮማነወርቅ ቀረጸች።»

እርሳሶቹ የፊታችን ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ይገኛሉ።

እግዚአብሔር አምላክ የደከመውን እጃቸውን ያሳርፍ፤ ነፍሳቸውንም ከአባቶቻቸው ጋር በብርሃን ያኑርልን። አሜን።