ለመምህሩ የመረጥኩት ዴስክቶፕ
አሶሳ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከሆሞሻ አሮጌ ኮምፒውተራቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው መጡ። የበርታ ተረቶችን ለዓመታት የጻፉበት ነው፤ አሁን ግን ለመከፈት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሌላ ጠጋኝ “ይጣል” ብሏቸዋል። ተረቶቹን በፍላሽ ገለበጥኩና በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩ፤ ተረቶቹንም መለስኩበት። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ሲከፈት የሚታይ የስክሪን ገጽታ፣ ስላለው ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሁሉም የማይከብደውን መረጥኩ። ወዲያው ተከፈተ። “ይሞክሩት፣ መምህር” አልኩ ኮራ ብዬ።

ባዶውን ስክሪን አዩ፤ ማውዙን ወዲህ ወዲያ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። “ተረቶቼ ጠፉ?” አሉኝ።

“አልጠፉም፤ እነዚህን ሁለት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ይመጣሉ።”

“አንተ ታውቃለህ። እኔ ሆሞሻ ብቻዬን ነኝ፤ ሲጠፋብኝ ማን ያሳየኛል?”

አፈርኩ። የመረጥኩት ለኮምፒውተሩ እንጂ ለእሳቸው አልነበረም። ያንን አጥፍቼ ትንሽ ከበድ የሚለውን፣ ከታች ሁሉን የሚያሳይ ሜኑ ያለውን ዴስክቶፕ ጫንኩ፤ የተረቶቹንም ፎልደር ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። ሲከፈት ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ። “ይሄኛው ትንሽ ይዘገያል፣ መምህር” አልኳቸው። አልሰሙኝም። ፎልደሩን ራሳቸው ከፍተው፣ የመጀመሪያውን ተረት በበርታ ቋንቋ ጮክ ብለው ማንበብ ጀምረው ነበር።