የተደፈኑ ቀዳዳዎች

ጥር ወር ላይ በአንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል፣ ዴልበርት ክራውስ መሰላል አቁሞ ባለጎማ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ ከመታጠቢያው በላይ ያለችው የአየር መውጫ። መስኮቶቹን ገና በኅዳር በፕላስቲክ ሸፍኖ ዙሪያቸውን በፕላስተር አሽጓቸዋል። የበሩን ግርጌም በጨርቅ ጠቅጥቋል። ይህችን ከደፈነ ብርድ ወደ ቨርና የሚደርስበት መንገድ አያገኝም ብሎ አስቧል።

ቨርና ሚስቱ ናት። አርባ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ከመስከረም ወዲህ ግን የሚኖሩት አሥር ሜትር በማይሞላ፣ ሞተርና መሪ ባለው ቤት ውስጥ ነው። እሱ በአሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት ውስጥ በአንድ የእንጨት ፋብሪካ መጋዝ ሲሞርድ፣ እሷ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ አረጁና ጡረታ ወጡ። ከዚያም በረዶውን መዛቅ ያቃታቸውን ትልቁን ቤት ሸጠው ወደ ኦሬገን የባሕር ዳርቻ መጥተው ባለጎማ ቤቶች በሚቆሙበት ግቢ ሰፈሩ። ኑሯቸውን ጎማ ላይ ያደረጉና ነገሩን የለመዱት ሰዎች በጥቅምት ወደ ደቡብ፣ ወደ ደረቁ በረሃ ይነዳሉ። ቨርና ግን ማዕበሉን በክረምት ማየት አለብኝ ስላለች እነሱ እዚያው ቀሩ። ታኅሣሥ ሳይጋመስ ማሳል ጀመረች።

ዴልበርት ፕላስተሩን በጥርሱ እየቀደደ ሳለ ከታች የሴት ድምፅ ጠራው። ከእነሱ ሁለት ቤት አልፋ በቆመች ተጎታች ቤት የምትኖረው ማሪት ነበረች። ማሪት ነርስ ናት፤ በየሦስት ወሩ ሆስፒታል እየለወጠች ትሠራለች፣ ቤቷንም በመኪናዋ እየጎተተች ትዞራለች። እንዲህ ስትኖር ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያን ቀን በፊት ከእነ ዴልበርት ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራትም፤ የዚያን ዕለት ግን ከሥራ ስትመለስ ሽማግሌው ጣሪያ ላይ ተንበርክኮ አየችውና ማለፍ አልሆነላትም።

«ሚስተር ክራውስ፣ እዚያ ላይ ምን እየሠሩ ነው?»

«ብርዱን ከውጭ እያስቀረሁ ነዋ።»

«እሱን እንኳ ባይዘጉት ጥሩ ነበር። ቤቱ የሚተነፍስበት የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

«ቤት አይተነፍስም፣ ልጄ። ቤት የሚሠራው ንፋስ እንዳይገባ ነው።»

ይህን ብሎ ከመሰላሉ ወረደ። ሴት ልጅ ከታች ቆማ እያናገረችው ከላይ ሆኖ መመለስ ነውር መስሎ ታይቶታል። ማሪትም ይቅርታ ጠይቃ የምታውቀውን ነገረችው። አጥብቃ የጠየቀችው ስለ ማሞቂያው ነበር፤ ጭስ ማውጫ የሌለው፣ በጋዝ የሚነድ ትንሽ ምድጃ መሆኑን ሲነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«አንድ ጋሎን ጋዝ ሲያነዱ ከሦስት ሩብ ጋሎን የበለጠ ውሃ በእንፋሎት መልክ ቤትዎ ውስጥ ይለቀቃል። የሁለታችሁ ትንፋሽ አለ። ሾርባው አለ። ገመድ ላይ የሚሰጣው ልብስ አለ። ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል?»

«ይደርቃላ።»

«ደርቆስ የት ይሄዳል?»

ዴልበርት የተረታ ሽማግሌ እንደሚያደርገው እናቱን ጠቀሰ።

«እናቴ አምስት ልጅ ያሳደገችው መስኮት በብርድ ልብስ ደፍና ነው። ማናችንም አልሞትንም።»

«የእናትዎ ቤት ሳንቃው መሀል ክፍተት ነበረው፤ ምድጃውም ጭስ ማውጫ ነበረው። መስኮቱን ቢደፍኑት በሌላ ይተነፍሳል። ይሄኛው ግን ቆርቆሮና ፕላስቲክ ነው። ጣሳ ውስጥ ገብታችሁ ክዳኑን እየገጠማችሁ ነው።»

«ሚስቴ ታማለች እኮ።»

«ስለታመሙ ነው የምነግርዎ።»

«ለታመመ ሰው መስኮት ክፈቱ? ትምህርት ቤት የሚያስተምሯችሁ ይህን ነው?»

ነገሩን በሳቅ ሊያሳልፈው ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን ተቆጣ። ማሪት ደግማ ይቅርታ ጠየቀችና ሄደች። እሱም ተመልሶ ወጥቶ ቀዳዳዋን ደፈናት።

ዴልበርትን ደደብ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ይሳሳታል። እንዲያውም አዋቂ ነበር፤ ችግሩ ያወቀው ሁሉ ለሌላ ዓይነት ቤት መሆኑ ነው። ዕድሜ ልኩን የኖረበትን ቤት ሸጦ ጎማ ላይ ሲወጣ ዕቃውን ቀንሷል፣ ልብሱን ቀንሷል፣ ልማዱን ግን ሙሉውን ጭኖ መጥቷል። አዲስ ጀማሪዎችን ሁሉ የሚጎዳቸው ይኸው ነው፤ እንደ ዴልበርት ከባድ ዋጋ የሚከፍለው ግን ጥቂቱ ነው።

በማግስቱ ማሪት የእጅ ሰዓት የምታህል የእርጥበት መለኪያ አምጥታ ለቨርና ሰጠቻት። ከሃምሳ በመቶ ካለፈ ጥሩ አይደለም ብላ ነበር። መለኪያዋ ሰማንያ ስድስት አለች። ዴልበርት ተበላሽታለች አለ። ሳይፈትሽ መለኪያ የማያምን የፋብሪካ ሰው ነውና ይዟት ወደ ማሪት ቤት ሄደና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። አርባ ሰባት ላይ ቆመች። ዙሪያውን ሲያይ የማሪት መስኮት ጣት በምታህል ክፍተት ተከፍቷል፤ ጣሪያው ላይ ትንሽ ማራገቢያ ትዞራለች፤ እሷ ራሷ ካፖርት ለብሳ ተቀምጣለች። ግድግዳዋ ግን አላላበውም። የእሱ ቤት ግድግዳ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ያልበው ነበር።

ማሪት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የፍራሻችሁን ሥር አይተውት ያውቃሉ?» አለችው።

«የአልጋዬ ሥር እኔንና ሚስቴን ብቻ ነው የሚመለከተው።»

መለኪያዋን አንስቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማሪትን ሲያያት ሌላ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ፊቱን ያዞር ጀመር። ጥርጣሬው ግን ገብቶበታል፤ በተጠራጠረ ቁጥር ምድጃውን ከፍ ያደርገዋል።

በወሩ መጨረሻ ልጃቸው ሎሬን ከአይዳሆዋ ቦይሲ ከተማ ደወለች። ከእናቷ ሐኪም ጋር ተነጋግራለች። ሐኪሙ ሳንባዋ እየደከመ ነው፣ የምትኖርበት ቦታ ይታሰብበት ብሏል። ሎሬን በጨዋነት፣ ግን በማያወላዳ ቃል፣ ሳሉ እስከ የካቲት ማብቂያ ካልቀነሰ እናቴን እወስዳታለሁ አለች። የምታስቀምጣት ሴት ልጇ የምትለቅላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለተኛ አልጋ አይገባም። «አባዬ፣ ለአንተ የሚሆን ቦታ የለኝም፤ ይቅር በለኝ» ስትለው ዴልበርት ገባኝ አላት። የሚመለሱበት ቤት ተሽጧል። አርባ ስድስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው በሳል ምክንያት ሊለያይ ነው። የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ስለሆነም በመስኮቶቹ ላይ ሁለተኛ ፕላስቲክ ደረበ።

የካቲት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ማሪት ቨርናን በመኪናዋ ክሊኒክ ወሰደቻት። ዴልበርት ከእነሱ ጋር ላለመሄድ ምክንያት ሲፈልግ አንሶላ እቀይራለሁ ብሎ ቀርቶ ነበር። በቨርና በኩል ያለውን ጥግ ሲስበው አንሶላው ተጣብቆ እምቢ አለው። ፍራሹን በሁለት እጁ ይዞ ገለበጠው።

ሥሩ ጥቁር ነበር። ከራስጌ እስከ ግርጌ በሻጋታ ተሸፍኗል፤ የጣውላው መደብም ውሃ ጠግቦ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ሽታው ሲወጣ፣ ወራቱን ሁሉ የቤታቸው ሽታ ነው ያለው ለካ የዚህ ነበር። የሚብሰው በቨርና በኩል ነው፤ ከግድግዳው ጋር የተያያዘውን፣ ሙቁን ቦታ የሰጣት እሱ ራሱ ነበር። ዴልበርት መሬት ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም፤ እጁን እያገላበጠ ያይ ነበር፤ ያን ሁሉ ፕላስተር የለጠፈው በዚህ እጅ ነው።

ማሪት ቨርናን መልሳ ስታደርስ ከደጅ ጠበቃት።

«እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ?»

ማሪት ገብታ አየችውና ወጣች።

«ሳንባቸው ቀድሞም ደካማ ነበር። ይሄ ብቻ ነው ያሳመማቸው ብዬ አልፈርድም። እንዳባባሰው ግን ልደብቅዎ አልችልም።»

«ክፈተው ስትይኝ ሰደብኩሽ።»

«አልሰደቡኝም። ብርድ ፈርተው ነው።»

«ይህን ሁሉ ወር በብርድ ፍርሃት በምን ላይ እያስተኛኋት ነበር?»

ማሪት እጅጌዋን ሰብስባ ገባችና ሁለቱ ሲሠሩ ዋሉ። ፍራሹን አውጥተው ጣሉት። መደቡን በኮምጣጤ አጠቡ፣ አደረቁ፤ አዲሱ ፍራሽ ሥር አየር እንዲያልፍበት ቀጫጭን እንጨት እየተራራቀ ተደረደረ። ፕላስቲኩ ሁሉ ተቀደደ። ማሪት እየሠራች ታስረዳው ነበር፦ አንዱን መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፣ ከወዲያና ከወዲህ ጣት የምታህል ክፍተት ይኑር፤ የጋዙ ምድጃ በኤሌክትሪክ ይተካ፤ ድስቱ ክዳን አይለየው፤ ልብስ በግቢው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይድረቅ እንጂ አልጋ አጠገብ አይሰጣ። የቁም ሣጥኑን በር ገርበብ አድርጎ ማሳደር ደግሞ ማንም የማያስበው ነገር ነው አለችው። ከሁሉ በላይ ግን በጥቅምት ወደ ደቡብ የሚነዱት ሰዎች የሚሸሹት ብርዱን ሳይሆን እርጥበቱን መሆኑን ነገረችው። ዴልበርት እንደ ተማሪ አንድ በአንድ ደገመላት። በአንዱም አልተከራከረም።

በዐሥረኛው ቀን መለኪያዋ ሃምሳ አለች። ግድግዳው ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ። ቨርና ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደግፋ መቀመጥ ሳያስፈልጋት ጋደም ብላ አደረች። ዴልበርት ይህን ሲያይ ተስፋ አደረገ፤ ተስፋ ባያደርግ ይሻለው ነበር። ሳሉ ጋብ አለ እንጂ አልለቀቃትም። ሐኪሙም ሳንባ አንዴ ጠባሳ ከያዘ አይመለስም፣ ያለውን መጠበቅ ነው፣ ከባሕሩ ዳርቻ ትውጣ ብሎ ጻፈ። ሎሬን እንደተናገረችው የካቲት ሲያልቅ መጣች።

ሎሬን ሻንጣ ስትጭን ሁለቱ ሽማግሌዎች አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«በኅዳር እኮ መስኮቱን ክፈትልኝ ብዬህ ነበር፣ ዴል» አለች ቨርና።

«ሰምቼሻለሁ።»

«ሦስት ጊዜ ነው ያልኩህ።»

«ብርድ ይመታሻል ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው መናገር የተውኩት።»

በድምጿ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይቀለው ነበር። ደግፏት እስከ መኪናው ሄደ፤ መንገዱ ሃያ እርምጃ የማይሞላ ቢሆንም ሁለቴ ቆመው ትንፋሿን ጠበቁ።

መጋቢት ላይ አዲስ ባልና ሚስት መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ቤታቸውን ከሸጡ ሳምንታቸው ነው፤ ገና ደስታው ከፊታቸው አልጠፋም። ባልየው ሽማግሌው ነገሩን የሚያውቅ መስሎት ምክር ጠየቀው። ዴልበርትም ቤቱ አስገብቶ ሁሉን አሳያቸው። አየር ሲገባ ግድግዳ እንደማያልበው፣ ልብስ ሻጋታ ሻጋታ እንደማይሸት፣ ሰው ጠዋት ሲነሣ ራሱን እንደማይከብደው፣ ደረቅ አየር ከእርጥቡ ቶሎ ስለሚሞቅ ማሞቂያውም ትንሽ ነድቶ እንደሚበቃ በትዕግሥት አስረዳቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ሰውየው በወረቀት ጻፈው። ሚስቱ ስትሰማ ቆይታ፣ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እንያዝ ብንል የትኛውን እንያዝ አለችው።

ዴልበርት ወደ ባልየው ዞረ። «ታፈንኩ ካለችህ የዚያኑ ቀን ክፈት» አለው። «ስለ ብርዱ ኋላ ትነጋገራላችሁ።»

እሑድ እሑድ ወደ ቦይሲ ይደውላል። የዚያን እሑድም ደወለ። ቨርና ቤቱ እንዴት ነው አለችው።

«ደረቅ ነው» አላት። «በጣም ደረቅ ነው።»

«ጥሩ» አለች። ከዚያ በላይ ለመናገር ትንፋሿ አልበቃትም፤ ስልኩን ለሎሬን ሰጠቻት።