ከእንሰቱ ጀርባ የቀረው በግ

ቦንጋ አጠገብ ባለች መንደር፣ የበግ አርቢዎች ማኅበሩ አባላት በጋራ የሚያስረቡበት አውራ በግ በሚመረጥበት ቀን ማለዳ፣ አድማሱ የጎረቤቱን የእትዬ አየለችን ዓይን ሽሽት መሬት መሬቱን እያየ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

አድማሱ፦ አልሆንም አልኩዎት እኮ እትዬ! ሌላ ዳኛ ፈልጉ።

አየለች፦ ሌላ ማን አለ? ላቱን ሳይዳብስ በግ የሚለይ አንተ ብቻ ነህ።

አድማሱ፦ ዘንድሮ ይለፈኝ። ወገቤን አሞኛል።

አየለች፦ ዳኛ ቆሞ ያያል እንጂ በግ አይሸከም! የካቻምናው አውራ ጉድ ሠራን። ከቤት ቤት እየዞረ ያስወለደው ግልገል ሁሉ ላቱ የአይጥ ጭራ ሆነ። የኛ በግ እኮ ፀጉሩ አጭር፣ ላቱ ረጅም፣ ዝናብና ጭቃ የማይበግረው ነበር። አሁን ሦስት ግልገል ሞተውብኝ አንዲት እናት በግ ቀረችኝ። ከደህና አውራ ካልወለደች በግ ማርባቴ አበቃ።

አድማሱ፦ በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉኝ።

አየለች፦ ምነው፣ ላብ አጠመቀህ?

አድማሱ፦ ያንን አውራ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

አየለች፦ ይታወቃል። አጨብጭበንልህ የለ?

አድማሱ፦ ጭብጨባውን አያንሱብኝ! ከበረቴ ምርጡ እሱ አልነበረም። የተመረጠ በግ አይኮላሽም፣ አይሸጥም ተባለ፤ እኔ ደግሞ ምርጡን ለፋሲካ ላደልበው ቋምጬ ነበር። ከእንሰቱ ጀርባ አስሬ ደበቅኩት። በኋላ አኮላሽቼ ሸጥኩት። ያ ዘር በእኔ እጅ ጠፋ። እርስዎ የሞተ ግልገል ይዘው ሲያልፉ ባየሁ ቁጥር በጓሮ በር ነው የምወጣው። አፈርኩ እትዬ! እንኳን ዳኛ፣ አባል መሆንም አይገባኝም።

አየለች፦ ጨረስክ?

አድማሱ፦ ጨረስኩ። ይስደቡኝ።

አየለች፦ የዚያን ቀን ከእንሰቱ ጀርባ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።

አድማሱ፦ ሰምተው ነው ዝም ያሉት?

አየለች፦ በምን አፌ ልናገር? የእኔም ምርጥ አውራ ጓዳ ውስጥ ታስሮ ነበር። ያልሰማኸው አፉን በነጠላዬ ጠፍሬው ነው። ለልጄ ሰርግ አረድኩት።

አድማሱ፦ እርስዎ? ታዲያ እኔን ዳኛ ሁን ማለትዎ ምን ይባላል?

አየለች፦ ሰው ፊት ስትቆም እውነቱ ያመልጥሃል፣ እኔም ተከትዬህ የራሴን እናገራለሁ፣ ዛሬም ምርጡን የደበቀ ካለ ያወጣዋል ብዬ ነዋ። ሁለት ዓመት ብቻዬን ማፈር ከበደኝ፣ አድማሱ። ና፣ አብረን እንፈር።