የእትዬ ዘነቡ መስቀል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ለንደን ውስጥ የድሮ ሜዳሊያ በሚያጫርት ቤት እሠራ ነበር፤ ሥራዬ እያንዳንዱ የየት አገርና የየትኛው ጦርነት እንደሆነ መለየት ነበር። አንድ እሑድ ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡበትን ጓደኛዬን ዳዊትን ልጠይቅ ዊልስደን የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እናቱ እትዬ ዘነቡ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኙትን ጥቁር መስቀል በማተብ አስረው ግንባሩን ያሻሹታል። ቀረብ ብዬ ሳየው ደነገጥኩ። ከላይ ዘውድ፣ ከታች 1914 የሚል ቁጥር አለበት። የጀርመን ንጉሥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮቹ የሸለመው፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው የብረት ሜዳሊያ ነው፤ ምናልባትም ሰው ለገደለ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የየት ገዳም ይሆን?» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። «የጀርመን ነው፣ እትዬ።»

«ጀርመኖችም መስቀል ይሳለማሉ? እኔስ መኪና ብቻ የሚሠሩ ይመስለኝ ነበር!» ብለው ሳቁ። ዳዊትም ከትራሱ ላይ ፈገግ አለ። «በይ አንቺም ተሳለሚ» ብለው ዘረጉልኝ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩትና ተሳለምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስገባ እንደዚያው ያለ ሜዳሊያ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። መዝገብ ላይ ከማስፈሬ በፊት ሰው አለመኖሩን አየሁና፣ «ዳዊትን ማርልን» ብዬ ተሳለምኩት።